የቆየ የስፖርት መኪናን ብልሽት ደረጃ በደረጃ ማግኘት፦ ፊያት 124 ስፓይደር በአዲስ አበባ

ይህ መመሪያ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ የቆየ የስፖርት መኪና ለሚነዱ ሰዎችና እነዚህን መኪኖች ለሚጠግኑ ወጣት መካኒኮች የተዘጋጀ ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው ፊያት 124 ስፓይደር ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1966 በቱሪን የመኪና ትርዒት ለሕዝብ ቀርቦ እስከ 1985 ድረስ ተመርቷል፤ አካሉን የነደፈው ፒኒንፋሪና ሲሆን፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት ሞተሩ የኢንጂነር አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ሥራ ነው። ሆኖም ፑንቲና (የእሳቱን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋ መቆራረጫ)፣ ካርቡራቶር (ነዳጅን ከአየር ጋር የሚቀላቅል ዕቃ) እና ጥቂት ፊውዞች ያሉት ማንኛውም የዚያ ዘመን መኪና፣ አልፋ ሮሜዮም ይሁን ኤም ጂ ወይም ዳትሰን፣ የሚመረመረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

በከተማችን የተለመደው አሠራር የተጠረጠረውን ዕቃ አውጥቶ በሌላ መተካት ነው። መኪናው አልነሳ ሲል ባትሪ ይገዛል፣ ባትሪው ካልፈታው ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው)፣ ሞተሪኖውም ካልፈታው ቦቢና (ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው) ይገዛል። ይህ አካሄድ መለዋወጫው በየሱቁ ለሚገኝ መኪና ገንዘብ ከማባከን አያልፍም፤ በቆየ የስፖርት መኪና ላይ ግን ጉዳቱ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ተፈቶ የሚወጣው ኦሪጅናል ዕቃ ብዙ ጊዜ በቦታው ከሚገባው የተሻለ ነው፤ አንዴ ከተጣለም ተመልሶ አይገኝም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ይበልጥ ተፈላጊ ሆኗል። ስለዚህ እዚህ በተዘረዘረው አሠራር፣ በየቦታቸው ከሚጠቀሱት ጥቂቶች በቀር፣ አንድም ዕቃ ልኬት ሳይፈርድበት አይቀየርም።

የመጽሐፉ ቁጥርና የአዲስ አበባ ከፍታ

በጥገና መጽሐፍ ላይ የሚገኙት ቁጥሮች በአብዛኛው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ላላለ ቦታ የወጡ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህን ያላገናዘበ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር ታሟል ብሎ ሊፈታ ይችላል።

ለምሳሌ መጽሐፉ የሲሊንደር ኮምፕሬሽን 12 ባር መሆን አለበት ቢል፣ እዚህ 9 ባር ገደማ ማንበብ የሚጠበቅ ነው። የቫኩም መለኪያ በባሕር ጠረፍ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ) ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ሲያሳይ፣ ያው ሞተር እዚህ ከ10 እስከ 14 ኢንች ያሳያል። ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ለባሕር ጠረፍ የተስተካከለ ካርቡራቶር ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ዳገት ላይ ይደክማል። በመሆኑም የመጀመሪያው ሥራ የመጽሐፉን ቁጥሮች ከእነዚህ ጋር አገናዝቦ በመኪናው ማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ብዙ አይደሉም። ዲጂታል ቴስተር፣ የ12 ቮልት መፈተሻ አምፖል፣ የኮምፕሬሽንና የቫኩም መለኪያ፣ ፊለር ጌጅ፣ የታይሚንግ መብራት፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና የተሟላ የቁልፍ ስብስብ በቂ ናቸው። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነስቶ ከሥሩ መግባት ፈጽሞ አይገባም፤ ጠንካራ መደገፊያ ይደረግ። ነዳጅ የሚነካ ሥራ በተጀመረ ቁጥር የእሳት ማጥፊያ በእጅ ርቀት ላይ ይሁን።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው የማይነቃነቅ ከሆነ

1. ባትሪውን ይለኩ። መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ከቆመ በኋላ 12.6 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቮልት ግማሽ ያህል መሙላቱን ያመለክታል፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነውና ሌላ ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መሞላት አለበት። መኪናው ገና የቆመ ከሆነ የፊት መብራቱን ለአንድ ደቂቃ አብርተው ካጠፉ በኋላ ይለኩ።

2. ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር ቴስተሩን በባትሪው ምሰሶዎች ላይ ይያዙ። መያዣው ክላምፕ ላይ ሳይሆን ራሱ የእርሳስ ምሰሶው ላይ መለካት አለበት፤ ዝገቱ የሚደበቀው በሁለቱ መካከል ነውና። ቮልቴጁ ከ9.6 በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከመጠን በላይ እየሳበ ነው። ቮልቴጁ 12 ላይ ቆሞ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ግን ወይ ኃይሉ ሞተሪኖው ዘንድ እየደረሰ አይደለም፣ ወይ ሞተሪኖው ራሱ ከውስጥ ተቋርጧል፤ ስለዚህ ባትሪ መግዛት አያስፈልግም።

3. የቮልቴጅ መውደቅን፣ ማለትም በገመዱና በመጋጠሚያዎቹ ላይ የሚጠፋውን ቮልቴጅ፣ ይለኩ። ከዚህ መመሪያ አንዲት ነገር ብቻ መያዝ ቢኖርብዎት ይህችን ይያዙ። የቴስተሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ነጌቲቭ ምሰሶ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በሞተሩ ብሎክ ላይ ቀለም በሌለበት ብረት ላይ ያድርጉና ረዳትዎ እንዲያስነሳ ይንገሩት። የሚነበበው ቁጥር ከ0.2 ቮልት ብዙም መብለጥ የለበትም። 1 ወይም 2 ቮልት ካሳየ ማሳው (ኃይሉ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ነጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) ተበላሽቷል። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው ምሰሶ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ድረስ በዚሁ መንገድ ይለካል፤ በዚህ መስመር እስከ 0.5 ቮልት ድረስ መታገሥ ይቻላል። በተለይ ባትሪው ፖርታባጋሊዮ (የኋላ ዕቃ መጫኛ) ውስጥ የተቀመጠባቸው ስፓይደሮች ኃይሉን በረጅም ገመድ ስለሚያመጡ፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ማሳው ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ ከካምቢዮው ወደ አካሉ የሚሄደውን የተጎነጎነ ሽቦ ይፈልጉ። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ቡሎኑን ፈትተው የመዳብ ጫፉን ሲገለብጡት ግን ዙሪያውን ቡናማ ዝገትና የቀለም ቅርፊት ይዞ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት የሚታየው በአንድ ጥግ ላይ ብቻ ሆኖ ያገኙታል፤ የሞተሪኖው ኃይል ሁሉ ሲያልፍ የቆየው በዚያች ጥግ ነው። ጫፉንም የሚያርፍበትንም ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ያጽዱ፤ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ያስገቡና ያጥብቁ፤ ግራሶ የሚቀባው ከጠበቀ በኋላ ከላይ ነው እንጂ በመካከል አይደለም።

4. ወፍራሙ መስመር ጤነኛ ከሆነ በሞተሪኖው ላይ ያለችውን ቀጭን ሽቦ ይለኩ። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑንና የእጅ ፍሬኑ መያዙን ካረጋገጡ በኋላ ረዳትዎ ቁልፉን ሲያዞር፣ ሽቦዋ ላይ የሚነበበው ከባትሪው ቮልቴጅ ከአንድ ቮልት በላይ ዝቅ ማለት የለበትም። በእነዚህ ፊያቶች ላይ የቁልፉ ኮንታክት ከአቅሙ በላይ ጭነት ስለሚሸከም ውስጡ ይቃጠላል፤ ምልክቱም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ቆይቶ፣ ሞቆ ከቆመ በኋላ ትክ ብሎ ዝም ማለት ነው። ዘላቂው መፍትሔ ባለ አራት እግር የ30 አምፔር ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ትልቅ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች) መጨመር ነው፦ 30 ቁጥር ከባትሪው በፊውዝ በኩል፣ 87 ቁጥር ወደ ሞተሪኖው ቀጭን መግቢያ፣ 86 ቁጥር ከቁልፉ ከመጣው አሮጌ ሽቦ ጋር፣ 85 ቁጥር ከማሳ ጋር ይገናኛሉ። ኦሪጅናሉ ሽቦ ሳይቆረጥ ሥራው ቢሠራ የመኪናው ዋጋ ይጠበቃል።

5. ይህ ሁሉ ተለክቶ ጤነኛ ሲሆን ብቻ ሞተሪኖው ይወርዳል። ከርቦኑና (በሚዞረው ክፍል ላይ እየተፋተገ ኃይል የሚያስተላልፈው) ቡሹ ተቀይሮ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ስለሚችል፣ ዲናሞና ሞተሪኖ የሚጠግን ባለሙያ ሳያየው አይጣል።

ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ

ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ እሳት፣ ቀጥሎ ነዳጅ ነው። ከቦቢናው ወደ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው) የሚሄደውን ገመድ ነቅለው ጫፉን በጎማ እጀታ ባለው ፒንሳ፣ ከካርቡራቶሩ ርቆ፣ ከብሎኩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል አራርቀው ይያዙት። ሞተሩ ሲዞር ድምፅ ያለው ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ቦቢናና ፑንቲና እየሠሩ ነው። ብልጭታው ቢጫና ደካማ ከሆነ ከፑንቲናው ጋር የተያያዘውን ኮንደንሰር ይጠርጥሩ፤ ጤነኛው ከ0.2 እስከ 0.3 ማይክሮ ፋራድ ይለካል።

ምንም ብልጭታ ከሌለ ቁልፉን ከፍተው በቦቢናው ፖዘቲቭ ላይ ኃይል መድረሱን ያረጋግጡ። ከዚያ ቴስተሩን ወደ ነጌቲቩ ያዛውሩና ሞተሩን በእጅ ቀስ ብለው ያዙሩ፤ ፑንቲናው ሲከፈት ወደ 12 ቮልት፣ ሲዘጋ ወደ ዜሮ መሄድ አለበት። ተዘግቶ እያለ ግማሽ ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ፊቱ ተቃጥሏል ወይም ቆሽሿል ማለት ነው። ክፍተቱ በፊለር ጌጅ 0.40 ሚሊ ሜትር ይሁን። የቦቢናው ፕራይመሪ በአብዛኛው 3 ኦም ገደማ ነው፤ ሪዚስተር በተጨመረበት ዓይነት ላይ ግን ግማሽ ያህል ስለሚሆን፣ ዝቅተኛ ቁጥር አይቶ ተቃጥሏል ማለት አይገባም።

የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን የተለየ ትኩረት ይሻል። ክረምት ሲገባ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ፣ ሌሊቱን በዝናብ ያደረ ስፓይደር ጠዋት ተንተክትኮ አልነሳ ይላል። ክዳኑን አውልቀው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ ከዚያ ወደ ብርሃን ይዘው ይውጡና ውስጡን እያዘነበሉ ይመልከቱ። ከአንዱ የብረት ጥርስ ወደ ሌላው፣ በሹል እርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካዩ እሳቱ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ፍቆ ማጥፋት ለጊዜው ብቻ ስለሚረዳ ክዳኑ መቀየር አለበት፤ ይህ ልኬት ሳይኖር ዓይን ብቻውን ከሚፈርድባቸው ጥቂት ዕቃዎች አንዱ ነው። ገመዶቹን ደግሞ በምሽት፣ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኖውን ከፍተው፣ መብራት ሳያበሩ ይመልከቱ፤ ያረጀ ገመድ ላይ ሰማያዊ ጭረቶች ሲዘሉ ይታያሉ። ገመዶቹ ሲመለሱ የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ሲሆን፣ አንደኛው ሲሊንደር ከፊት በኩል በታይሚንግ ቺንጋው አቅጣጫ ያለው ነው።

እሳቱ ካለ ወደ ነዳጁ ይሂዱ። የአየር ፊልትሮውን አውልቀው፣ ሞተሩ ሳይሠራ የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ በእጅ ሲስቡት ካርቡራቶሩ ውስጥ ቀጭን የቤንዚን ጅረት መታየት አለበት። ካልታየ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ጎማ ነቅለው ወደ ጠርሙስ ያስገቡ፤ የቦቢናውን ሽቦ ነቅለው ሞተሩን ሲያዞሩ ፖምፓው እየቆራረጠ በኃይል ሊተፋ ይገባል። የማይተፋ ከሆነ ፖምፓውን ከመጠርጠር በፊት ከታንኩ እስከ ፖምፓው ያለውን ጎማ በሙሉ ይመርምሩ፤ በዚያ በኩል ያለ ስንጥቅ ቤንዚን አያፈስም፣ አየር ይስባል እንጂ። አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ከኢታኖል ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ በነበረባቸው ዓመታት ያገለገሉ አሮጌ ጎማዎች ውስጣቸው ሊላላጥ ስለሚችል፣ ዕድሜያቸው የማይታወቅ ከሆነ ሁሉንም መቀየር አስተዋይነት ነው።

አንድ ብልሽት ብዙ ሰው ያሳስታል። በጠራራ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና በድንገት ይጠፋል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ሲቆይ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ይህ ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው፦ ወይ በዝቅተኛው የአየር ግፊት ምክንያት ቤንዚኑ ጎማው ውስጥ ፈልቶ ተንኗል፣ ወይ ቦቢናው ሲሞቅ ከውስጥ ይቋረጣል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ሁለቱም ስለሚጠፉ፣ መለየት የሚቻለው እዚያው በጠፋበት ቅጽበት ነው። መኪናውን ወደ ዳር አስጠግተው ማስጠንቀቂያ ካደረጉ በኋላ መጀመሪያ በካርቡራቶሩ ውስጥ ጅረቱን ይመልከቱ፤ ሽታውና እንፋሎቱ ሲጠፋ እሳቱን ይፈትሹ። እሳት ኖሮ ጅረት ከጠፋ ጎማውን ከማርሚታው ቱቦ አርቆ ማዞርና በሙቀት መከላከያ መሸፈን ያስፈልጋል፤ ጅረት ኖሮ እሳት ከጠፋ ግን ቦቢናው ይቀየራል።

ዲናሞ፣ ፊውዝና መብራት

ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር እየሠራ፣ የፊት መብራት በርቶ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መነበብ አለበት። ከ13 በታች ከሆነ የቺንጋውን ጥብቀት፣ የዲናሞውን ማሳና ከርቦኑን በዚሁ ቅደም ተከተል ይመልከቱ፤ ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል። በብዙ ጋራዦች ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ በመንቀል ዲናሞ የመፈተሽ ልማድ አለ። ይህን ማንም በመኪናዎ ላይ እንዲያደርግ አይፍቀዱ። ባትሪው በተነቀለ ቅጽበት የዲናሞው ቮልቴጅ በድንገት ይዘላል፤ ዳዮዶቹና ሬጉሌተሩ በዚያው ሊቃጠሉ ይችላሉ፣ ጤነኛ የነበረውም ዲናሞ በፈተናው ይሞታል።

የዚያ ዘመን ፊያቶች ፊውዝ ሁለት ጫፉ ሾጠጥ ያለ፣ የብረት ጥብጣቡ ከላይ የሚታይ ዓይነት ነው፤ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ላዳ የተሠራችው ከፊያት 124 በመነሣት ስለሆነና ተመሳሳይ ፊውዝ ስለምትጠቀም፣ ለከተማችን የላዳ ታክሲዎች የሚሸጠው ፊውዝ ለስፓይደሩም ይሆናል። ሌላውን የላዳ ዕቃ ግን በደፈናው ይገጥማል ብሎ መግዛት አይገባም፤ የላዳዋ ሞተር የተለየ ነው፣ የኋላ ፍሬኗም ከበሮ ሲሆን የስፓይደሩ በአራቱም ጎማ ላይ ዲስክ ነው። የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሲሄዱ አሮጌውን ዕቃ በእጅዎ ይዘው በካሊፐር እየለኩ ያመሳክሩ።

ፊውዙ ሳይቃጠል መብራቱ ወይም የዝናብ መጥረጊያው አልፎ አልፎ የሚቋረጥ ከሆነ የፊውዙ ጫፍና መያዣው ዝገዋል። በጣት ሲያዞሩት መልሶ መሥራቱ ምርመራውን ያረጋግጣል እንጂ ጥገና አይሆንም። ባትሪውን ነቅለው መያዣዎቹን በብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ፣ ልል የሆኑትንም በፒንሳ ወደ ውስጥ ያጥፉ። የተቃጠለ ፊውዝ ላይ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብርማ ወረቀት መጠቅለል መኪናን በእሳት የሚያሳጣ ተግባር ነው።

ፊውዝ ደጋግሞ የሚቃጠል ከሆነ በፊውዙ ምትክ የ21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሁለት ሽቦ ያገናኙ። አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ከበራ መስመሩ ከማሳ ጋር ተነካክቷል፤ ከዚያ በዚያ ፊውዝ የሚያልፉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ይንቀሉ፣ ገመዶቹንም ብረት በሚያልፉበት ቦታ ሁሉ ያነቃንቁ። አምፖሉ የደበዘዘበት ወይም የጠፋበት ነጥብ ብልሽቱ ያለበት ነው። በዚህ ዘዴ አንድም ፊውዝ አይባክንም።

የፊት መብራት ደካማነት ብዙ ጊዜ የአምፖሉ ጥፋት አይደለም። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት እያለ አምፖሉ መሰኪያ ላይ 11.5 ብቻ ከደረሰ፣ ብርሃኑ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ምክንያቱ ኃይሉ በሙሉ በመሪው ሥር ባለች ትንሽ ማብሪያ በኩል ማለፉ ነው፤ ለዚህም መፍትሔው ቀደም ሲል እንደተገለጸው ሪሌይ ነው። ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው አብሮ የሚደበዝዝ ከሆነ ደግሞ የኋላ መብራቱ ማሳ ጠፍቷል።

ባትሪው በሌሊት የሚያልቅ ከሆነ ሁሉንም አጥፍተው፣ የነጌቲቩን ገመድ ነቅለው ቴስተሩን በአምፔር መለኪያ በመካከል ያስገቡ። ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ያውጡ። ሁሉም ወጥተው ፍሰቱ ካልቀነሰ የዲናሞውን ሽቦ ይንቀሉ፤ አንድ ዳዮድ ማፍሰስ ከጀመረ ባትሪውን ሲያፈስ ያድራል።

የሞተሩ ሙቀት

የራዲያተር ክዳን ርካሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። በአዲስ አበባ ግን ሥራው ከየትም ይበልጣል፦ 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን የውሃውን መፍያ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ያደርገዋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ግን ውሃው በ92 ዲግሪ እንዲፈላ ይተወዋል። ቴርሞስታቱ ከ80 ዲግሪ በላይ ሲሆን የሚከፈት በመሆኑ በሁለቱ መካከል የሚቀረው ርቀት በጣም ጠባብ ነው። ስለዚህ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከማስፈታት በፊት ክዳኑን በግፊት መለኪያ ያስፈትሹ።

ሙቀቱ የሚጨምረው ቆሞ ሳለ ብቻ ከሆነ የኤሌክትሪክ ማራገቢያውን ይመልከቱ፤ ራዲያተሩ ላይ ያለውን የሙቀት ስዊች ሁለት ሽቦ ሲያገናኟቸው ማራገቢያው ከዞረ ስዊቹ ተበላሽቷል። የሚጨምረው ዳገት ላይ ከሆነ ራዲያተሩ ተደፍኗል ወይም የእሳቱ ጊዜ ዘግይቷል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በተነሳ በደቂቃ ውስጥ የላይኛው ጎማ ከደነደነና በውሃው ውስጥ የማያቋርጥ አረፋ ከታየ በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተበልቷል።

ኃይል ማጣት

አራቱንም ካንዴላዎች አውጥተው በተራቸው ደርድረው ያንብቧቸው። ቡናማ ደረቅ ቀለም ጤና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን፣ እርጥብ ዘይት ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ማለቁን፣ ነጭ የተቃጠለ ገጽ ነዳጅ ማነሱን ይናገራል። አራቱም በእኩል ጥላሸት ከለበሱ ብልሽት ሳይሆን የከፍታው ነገር ነው፤ የዌበር ካርቡራቶሩን ዋና ጂግለር (የነዳጁን መጠን የሚወስን ቀዳዳ ያለው ትንሽ ዕቃ) በአንድ ደረጃ፣ ለምሳሌ ከ120 ወደ 115፣ ዝቅ አድርገው እንደገና ይፈትሹ። አሮጌው ጂግለር በዘንግ ተበስቶ አለመስፋቱን በማጉያ መነጽር ይመልከቱ።

ከአራቱ አንዱ ብቻ ከተለየ ኮምፕሬሽን ይለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነው የሚለካው። ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ እኩልነቱ ይበልጣል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ15 በመቶ ማለፍ የለበትም። ዝቅተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረው ሲደግሙ ቁጥሩ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል፣ ካልተለወጠ ቫልቩ አይዘጋም።

የእሳቱን ጊዜ በታይሚንግ መብራት መጽሐፉ ባለው ላይ ካስተካከሉ በኋላ፣ ስስ አየር ኳኳታን ስለሚቀንስ፣ ሁለት ዲግሪ ያህል መቅደም ይቻላል። መፈተኛ ቦታው ቅርብ ነው፦ ከለገሃር ተነስተው ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት በሦስተኛ ማርሽ ሲወጡ፣ ነዳጁ ተረግጦ የብረት መንኳኳት ከተሰማ አንድ ዲግሪ ይመልሱ።

በመጨረሻም ታይሚንግ ቺንጋውን እዚህ ላይ ሳያዩ ሞተሩን አይዝጉ። ላምፕሬዲ ካምሻፍቶቹን በጎማ ቺንጋ ማዞርን ሲመርጥ ሞተሩን ጸጥተኛ አድርጎታል፤ በምትኩ ግን ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮች ሊታጠፉ ይችላሉ። ጎማ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ያረጃል፤ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የኖረ መኪና ቺንጋ 5 ዓመት ካለፈው፣ አንድም ስንጥቅ ባይታይበት እንኳ ከማጥበቂያው ኩሽኔታ ጋር አብሮ ይቀየር። እንደ ዲስትሪቢዩተሩ ክዳንና እንደ አሮጌ የነዳጅ ጎማዎች ሁሉ፣ ይህም ልኬት ሳይጠበቅ የሚቀየር ዕቃ ነው።

የዘይት ግፊት መለኪያው ዝቅ ካለ ሞተሩን ያጥፉ፤ ከዚያ የዳሽቦርዱን ቀስት ከማመን ይልቅ ሜካኒካል መለኪያ በሴንሰሩ ቦታ አስገብተው ይለኩ። ሞቆ በጉዞ ላይ ከ3.5 እስከ 5 ባር ጤነኛ ነው። መኪናው ዝቅ ያለ ስለሆነ በኮብልስቶንና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ የዘይት ገንዳው ይመታል፤ የተሰረጎደ ገንዳ የዘይት መሳቢያውን ሊዘጋ ስለሚችል ከሥር ሳያዩ ፖምፓ አይፍቱ።

ከካምቢዮው እስከ ጎማው

ሲነሱና ነዳጅ ሲለቁ ከመቀመጫው ሥር ድም የሚል ምት ከተሰማ፣ በካምቢዮውና በትራንስሚሽን ዘንጉ መካከል ያለውን የጎማ ማያያዣ ይመልከቱ፤ በቡሎኖቹ ዙሪያ ተሰንጥቆ ይገኛል። እርሱ ደህና ከሆነ ክሮቼራውን (የዘንጉን ተጣጣፊ መጋጠሚያ) በእጅ ያወዛውዙ። በአራተኛ ማርሽ ዳገት ላይ ሲረግጡ ፍጥነቱ ሳይጨምር የሞተሩ ዙር ብቻ ከጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ጉርምርምታ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታጠፍ ጨምሮ ወደ ሌላው ሲታጠፍ የሚቀንስ ከሆነ የጎማ ኩሽኔታ ነው።

ፍሬን ላይ ቸልተኝነት ቦታ የለውም። ፔዳሉ ሲረገጥ ለስላሳ ሆኖ ሲደጋገም የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ፤ ተረግጦ ተይዞ ሳለ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ ዋናው ሲሊንደር ከውስጥ ያፈሳል። አንዱ ጎማ ፍሬን ከተለቀቀ በኋላም ተይዞ የሚቀር ከሆነ፣ መኪናውን በመደገፊያ ላይ አድርገው የካሊፐሩን ማስተንፈሻ ይክፈቱ። ዘይቱ ተወርውሮ ጎማው ከተፈታ ጥፋቱ የካሊፐሩ አይደለም፤ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙውን ጊዜ ወደ ካሊፐሩ ዘይት የሚያመጣው የፍሬን ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱ እንዳይመለስ ያግዳል። ዘይቱ ወጥቶም ጎማው ካልተፈታ የካሊፐሩ ፒስተን ዝጓል። የተበላ ዲስክ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚቻለው በላዩ የተጻፈው አነስተኛ ውፍረት እስኪቀረው ድረስ ብቻ ነው።

የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። ዶት 4 የተባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ መፍያው እስከ 155 ሊወርድ ይችላል፤ ይህም ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ባዶ እንዲሆን ያደርጋል። አየር የሚወጣው ከዋናው ሲሊንደር በጣም ከራቀው ጎማ ተጀምሮ ወደ ቅርቡ ነው፤ መሪው በግራ በሆነ መኪና ላይ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ ይሆናል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ በሜዳ ላይ በዝግታ ደጋግመው ይርገጡ። ፔዳሉ ከጠነከረና መኪናው ወደ ጎን ካልጎተተ ከእንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ታች ሲደርሱ ቆመው የእጅዎን መዳፍ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ሳይነኩ ያስጠጉ። የፊቶቹ ከኋላዎቹ መሞቃቸው ተፈጥሯዊ ነው። በአንድ አክሰል ላይ ግን ቀኙ ከግራው በግልጽ ከተለየ፣ በሚሞቀው በኩል ያለው ካሊፐር ወይም የፍሬን ቱቦ እንደገና ይፈተሻል።